መከራ ሰውን ያሳድጋል የሚባለው እውነት ነው?

የሽምብጧ መምህርት

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። በምረቃ ንግግር፣ በወላጆች ስብሰባ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ደጋግሜ የምሰማው አባባል አለ። መከራ ሰውን ሰው ያደርገዋል፤ ያልተቸገረ አያድግም፤ ያልተፈተነ ሕዝብም አይሠለጥንም ይባላል። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ ክልላችን ግጭት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ትምህርት ስለተቋረጠባቸው ልጆች ሲነሳ «ግድ የለም፣ ያጠነክራቸዋል» የሚለው መልስ በዝቷል።

የማስተምረው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው። ከገጠር ወረዳ መጥተው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት የተጠጉ ልጆች አሉኝ። መካከላቸው ጎበዞች አሉ፤ ግን ጎበዝ ያደረጋቸው ያለፉበት ነገር ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ያጡትን በየቀኑ አያለሁ። ክፍልፋይ ሲሰጥ ያልነበረ ልጅ አልጀብራ ላይ ደርሶ ይቆማል። በር በኃይል ሲዘጋ የምትደነግጥ ልጅ እስክትረጋጋ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያልፋል።

ሰው ለማደግ፣ አገርም ለመሠልጠን መከራና ግጭት የግድ ያስፈልጉታል? ወይስ ካለፍነው በኋላ ራሳችንን የምናጽናናበት ነገር ነው? ከልባችሁ መልሱልኝ።

ፖሊ 70ዎቹ

ልጄ መምህርት፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ መልሴ ግን አዎ ያስፈልጋል ነው።

እኔ ፖሊ ተምሬ ዕድሜዬን በመካኒክነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ከተማችንን ራሷን ተመልከቻት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ፖሊ ቴክኒክ በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ፤ ያም እርዳታ የመጣው ምሥራቅና ምዕራብ እየተፎካከሩ ስለነበር ነው። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ ባሕር ዳር ዛሬ የምናውቃትን ከተማ ትሆን ነበር? አይመስለኝም። ፔኒሲሊን በገፍ የተመረተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው በፉክክር ነው።

በሰውነታችንም ያው ነው። ጠፈርተኞች ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሲቆዩ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል። ጭነት የሌለው አጥንት ይደክማል። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት ይህን አይተው ነው። አሁን የማየው ትውልድ ትንሽ ሲነካ የሚወድቀው ሸክም ስላላየ ነው የሚል ሥጋት አለኝ፤ ይህን የምለው ልጆቹን ጠልቼ ሳይሆን ፈርቼላቸው ነው።

ታሪክ ወዳድ ከጣና ዳር

ጋሼ፣ ካነሱት አይቀር የፋብሪካውን ሒሳብ እስከ መጨረሻው እንሥራው። ካሳ የሚከፈለው ለጠፋ ነገር ነው። በዚያ ወረራ የመርዝ ጋዝ ዘነበብን፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ደረሰ፤ ከጦርነቱ በፊት ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች እየተለቀሙ ተረሸኑ። ፋብሪካ አገኘን፤ አሥር እንዲህ ያለ ፋብሪካ ማቋቋም ይችሉ የነበሩ ሰዎችን ግን አጣን። የተገኘው ፊት ለፊታችን ቆሞ ይታያል። የጠፋው ስለማይታይ ከሒሳቡ ይወጣል።

ፔኒሲሊንም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928፣ በሰላም ጊዜ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ጦርነቱ የጨመረው ገንዘብና ጥድፊያ ነው። መንግሥታት ይህን ሰው ሳይገደል መስጠት ይችሉ ነበር፤ ሰጥተውም ያውቃሉ። ፈንጣጣን እንውሰድ። ለማጥፋት ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀረበችው ሶቭየት ኅብረት ናት፤ በኋላም አሜሪካውያንና ሶቭየቶች በዚያ ሁሉ ጠላትነታቸው መካከል አብረው ሠሩ። እኛ አገር የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክትባት ሰጪዎቹ ተራራና በረሃ ሲያቋርጡ ሥራቸውን ያዘገየባቸው ተኩሱ ነበር።

ወደ ሐይቃችን ልመለስና፣ የግራኝ አሕመድ ጦርነት በየገዳሙ ያለውን ሲያቃጥል ብዙ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት የተሸሸገው ወደ ጣና ደሴቶች ነው። ዛሬ ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ ሄደን የምንመለከተው ብራና ያለው እሳቱ ያልደረሰበት ጥግ ስለነበረ ነው። ሥልጣኔ የሚተርፈው እንዲህ ባለ ጥግ ነው እላለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ

እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር፤ መከራን በፈቃዴ ፈልጌ የሄድኩ ሰው ነኝና።

ልጅ ሆኜ ከቤተሰብ ተደብቄ ወጣሁ። ምሥራቅ ጎጃም ቅኔ ቤት ገባሁ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለማያውቀው እንዲህ ነው። ደበሎ ለብሰህ፣ አኮፋዳ ይዘህ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልክ ቁራሽ ትለምናለህ። ውሻ ይነክስሃል። ሌሊት ጎጆው ይበርዳል። ቀን የለመንከውን ለታመመ ጓደኛ ታካፍላለህ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉም አጭር የሆነውን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ትቆጥራለህ፤ ሲሳካልህ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያልክ እስከ ረጅሙ እስከ መወድስ ታድጋለህ። ዛሬ ሁለት ቀን ብራብ የማልደናገጥ፣ አንድ ሐሳብ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የምችል ሰው የሆንኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ጋሼ ፖሊ ያሉትን አልክድም።

ነገር ግን ረሃቡ ቅኔ አላስተማረኝም። ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። የቆጠርኩትን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰምተው «ይህቺ ቤት አልመታችም፣ ሂድና ከልሳት» ይሉኛል። ሳያዋርዱኝ ያርሙኛል፤ ስመለስ ይጠብቁኛል። ከዚያ ማዶ በሩን ከፍቶ ቁራሽ የሚሰጥ አገር አለ። በሯን የምትከፍትልኝ እናት የምትሰጠኝ ራሷ ሳይተርፋት ነው። ቅኔ ቤትን ያቆመው ይህ ነው። እኔ የተራብኩት ረሃብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለማኝ ያደርገኝ ነበር እንጂ ባለቅኔ አያደርገኝም።

ሌላው ደግሞ መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከበደኝ ብዬ ብመለስ እናቴ በደስታ እያለቀሰች ትቀበለኝ ነበር። ያንን እያወቁ መቆየትና መውጫ አጥቶ መቆየት አንድ አይደሉም።

አብረውኝ ገብተው በተስቦ የሞቱ ልጆች ነበሩ። ከእኔ የተሻለ ቅኔ የሚቆጥሩ ነበሩ። «መከራ ሰው አደረገን» የምንለው የተረፍነው ነን፤ እነሱን የሚጠይቅ የለም። ይህንን ሳስብ እንደ ማዕረግ አድርጌ ማውራት ያሳፍረኛል።

ክርክርን በተመለከተ ግን አጥብቄ እቆምለታለሁ። ቅኔ ቤት ያለ ሙግት ባዶ ነው። አንዱ የሰጠውን ምሥጢር ሌላው ይነቅፋል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ማታ በአንድ አኮፋዳ እንበላለን። እንዲህ ያለው ግጭት ይብዛልን።

ሥነ ልቦና ያጠናሁ

የቅኔ ቤት ልጅ «መመለስ እችል ነበር» ያለው ነገር በሙከራ የተፈተሸ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሴሊግማንና ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ውሾችን ሁለት ሁለት አድርገው ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጧቸው። አንደኛው ውሻ ፊቱ ያለውን ሰሌዳ በጭንቅላቱ በመግፋት ንዝረቱን ማስቆም ይችላል። ሁለተኛው ምንም ቢያደርግ አይሆንለትም፤ ለእሱ የሚቆመው የመጀመሪያው ሲያስቆመው ብቻ ነው። ሁለቱም የቀመሱት ሥቃይ በመጠንም በጊዜም እኩል ነው። በኋላ ዝቅ ያለች አጥር ዘልለው የሚያመልጡበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። ማስቆም የቻለው ዘልሎ አመለጠ። ካልቻሉት አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ፤ አጥሯ ግን ለእነሱም ያችው ነበረች።

ሙከራው ጭካኔ አለበት፤ ዛሬ እንደዚያው ይፈቀድ አይመስለኝም። ሆኖም መከራው ራሱ አስተማሪ ቢሆን ሁለቱም እኩል በተማሩ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአንጎል ጥናቶችን ጨምረው ሐሳባቸውን አሻሻሉት። ሥቃይ ሲራዘም ተስፋ ቆርጦ መተኛት የተፈጥሮ ምላሽ ነው፤ ትምህርት የሚፈልገው «እኔ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው ነው አሉ።

ከትልቅ አደጋ በኋላ ሰዎች ሕይወታቸውን በአዲስ ዓይን እንዳዩ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ይበልጥ እንደተቀራረቡ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ አምናቸዋለሁም። ያንን ያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው፣ የሚያርፉበት ቤትና ነገሩን ለማሰብ የሚሆን ጊዜ ነው። መምህርት፣ ልጆችሽ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው አላቸው? መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

ጀልባ ነጂ

እኔ እንደናንተ አልተማርኩም። ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ እወስድ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ግጭት። ሞተሩን ሸጥኩ። ልጄን ከግል ትምህርት ቤት አወጣኋት። ምን ተማርክ ብትሉኝ መበደር ነው የተማርኩት። ጠባዬም ተበላሸ፤ ቤቴ ገብቼ የምቆጣው በማይገባው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን በዚህ ሐይቅ ዳር በድህነትና በንቀት የኖሩት በአያት በቅድመ አያት ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። መከራ የሚያሳድግ ቢሆን ከተማችንን ዛሬ የሚመሯት እነሱ በሆኑ ነበር። የጎደላቸው ጉብዝና አይደለም፤ መሬትና ክብር ነው።

ፖሊ 70ዎቹ

ወንድሜ ባለጀልባ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ሐሳቤን ግን ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ግጭት ስል ጠመንጃ አላልኩም፤ ጠመንጃን ዕድሜ ልኬን ስጠላ ኖሬያለሁ። የምለው ከባድ ነገር ከሰው ሕይወት ይውጣ ካላችሁ ሰው ይፈርሳል ነው። የሙያዬን ልንገራችሁ። ብረት ስለት እንዲይዝ እሳት ያስፈልገዋል። ዝም ብሎ እሳት ውስጥ መወርወር ግን አይደለም። ሙቀቱ ይለካል፤ ማቀዝቀዙም ይለካል፤ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ መልሰን በመጠኑ አሙቀን እናለዝበዋለን፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ምት ይሰነጠቃል። ለልጆችም የተለካ ከባድ ነገር ይሰጥ።

ለምሳሌ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተሰጠ ኩረጃ ሲቆም፣ በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳን አልሞሉም። አገር ደነገጠ። እኔ ግን ደግ አደረጉ አልኩ። በውሸት ውጤት ያለፈ መሐንዲስ የሚሠራው ድልድይ ሰው ይገድላል።

የሽምብጧ መምህርት

ጋሼ፣ ብረቱን ሲያስረዱ «ይለካል» ያሉት ቃል ላይ ቆምኩ። በልጆቼ ላይ የመጣውን ማን ለካው? ማን አለዘበው? እርስዎ የሚሉት የሠለጠነ ባለሙያ በጥንቃቄ የሚሰጠውን ነው፤ ያንን እኔም በየቀኑ እሰጣለሁ። ቀላል የቤት ሥራ አልሰጥም፤ ልጆቼም ያውቁኛል። በፈተናውም እስማማለሁ፤ ኩረጃው መቆም ነበረበት። ሆኖም ጥብቅ ፈተና ያላወቅነውን አሳየን እንጂ አላስተማረንም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው መምህር፣ መጽሐፍና ያልተቋረጠ የትምህርት ዘመን ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለክርክር ብቻ አይደለም። «ያጠነክራቸዋል» ስንል ከኃላፊነት እንወጣለን። ልጁ ከበረታ መከራው አበረታው እንላለን፤ ከወደቀ ደካማ ነበር እንላለን። በሁለቱም መንገድ እኛ ምንም አላደረግንም፤ የሚጠይቀንም የለም። የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

የሕፃናት ክፍል ነርስ

ስለ ማደግ እየተነጋገራችሁ ስለሆነ በሴንቲ ሜትር ስለሚለካው እድገት ልናገር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልላችን ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነው። ያ ሁሉ የአሁኑ ግጭት ሳይመጣ ነው። መቀንጨር ማለት ቁመት ማጠር ብቻ አይደለም። ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ አንጎል በፍጥነት ይሠራል፤ ያኔ ያጣውን በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት ናዚዎች ምዕራብ ሆላንድን ከበው ምግብ ከለከሉ፤ ረሃቡ እስከ 1945 ዘለቀ። በዚያ ክረምት የተፀነሱት ልጆች አድገው ጎልማሳ ሲሆኑ ስኳርና የልብ ሕመም በዝቶባቸው ተገኘ። ረሃቡን በአፋቸው አልቀመሱትም፤ በእናታቸው ማሕፀን ግን አገኛቸው። ሕፃን ከረሃብ የሚማረው ነገር የለም። ወላጅ «በረሃብ ያደገ ልጅ ይጠነክራል» ሲለኝ እጁን ይዤ ወደ መመዘኛው እወስደዋለሁ።

ዓሣ አጥኚ

አንድ ነገር ከሐይቁ ልጨምርና ልውጣ። ብዙ ሰው ተፈጥሮ ራሷ ጦርነት ናት፣ ሕይወት ያደገው በመበላላት ነው ይላል። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ ቢያንስ 15 ዝርያዎች ሲሆኑ ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። በሐይቅ ከሚኖሩ የዚህ ወገን ትልልቅ ዓሦች እንዲህ ያለ ስብስብ ዛሬ ሳይበላሽ የቀረው እዚህ ብቻ ነው ይባላል። እንዴት በዙ? 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጢስ ዓባይ ከታች የሚመጡ ዓሦችን ስለሚያግድ ሐይቁ ውስጥ ያልተያዘ ብዙ ቦታ ነበር ብለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። አንዱ ወደ ጥልቁ፣ አንዱ ወደ ድንጋዩ፣ አንዱ ወደ ዳሩ ሄደ። ፉክክር የለም አልልም፤ ግን ያ ሁሉ ልዩ ልዩ ፍጥረት እንዲወጣ የረዳው ትልቅ ነገር ተቀናቃኝ ያልያዘው ቦታ መኖሩ ነው።

አሁን የሚያሰጋቸው ደግሞ ማስገሪያ መረብና ወደ ወንዞቹ ሊራቡ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ሰው ነው፤ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ አረም ሳይረሳ። ይህ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የ12ኛ ተማሪ

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ከመምህርቷ ልጆች አንዷን ነው የምመስለው፤ ትምህርታችን ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። ደስ አይለኝም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያስፈልገኝ አይጠይቀኝም። ፊዚክስ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ በደንብ አልተማርኩም። ኤሌክትሪሲቲ ምዕራፉን ብቻዬን አንብቤ አልገባኝም። እሱ ነው የሚያስፈልገኝ።

ፖሊ 70ዎቹ

ልጄ፣ ኤሌክትሪሲቲ እኔ ጋ አለ። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ ሞልቶኛል። ወላጅሽን ወይም አሳዳጊሽን አስፈቅደሽ በመምህርት በኩል አሳውቂኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤታቸው ክፍል ከፈቀዱልን ጓደኞችሽንም ይዘሽ ነይ። መልመጃው ከባድ ነው፤ አልለዝብልሽም። ያልገባሽን ግን እስኪገባሽ አብሬሽ እቀመጣለሁ።

መምህርት፣ ክፍል ይገኛል?

የሽምብጧ መምህርት

ጋሼ፣ ርዕሰ መምህሩን ነገ ጠዋት አነጋግራለሁ። ጠመኔና ሰሌዳ አለ። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ያለው ሰው ካለ ያምጣልን፤ ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው።

ሰባታሚት እናት

ሲስተር ነርስ፣ ከርዕሱ ወጣሁ ካላላችሁኝ አንድ ልጠይቅ። ከገጠር የመጣች የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ናት፤ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። አትበላም፣ ትነጫነጫለች። መቀንጨር ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመቷ ከዕድሜዋ ጋር ሲመዛዘን ነው፤ አሁን በቶሎ መታየት ያለበት ግን ክሳቷ ነው። በአቅራቢያሽ ያለው ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳያት። የላይኛው ክንዷን መሐል በቀለም ሜትር ይለኩታል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ሕክምናው ዛሬውኑ ይጀመራል። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ክትትል ያስፈልጋታል። ሁለቱንም እግሮቿን በአውራ ጣትሽ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኛቸው፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ውኃ ቋጥራለችና ክንዷ ስንት ቢሆን ሳትውዪ ሳታድሪ ይዘሻት ሂጂ። ፕላምፒናት የሚባለውን የታሸገ የሕክምና ምግብ ከሰጡሽ የእሷ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ልጆች አታካፍዪው። የክትባት ካርዷ ከጠፋም ተናገሪ፤ አዲስ ያወጡላታል። ነገ ሄደሽ ያሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ።